ኳስ ለምርጦች ወይስ ለልጆች ሁሉ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያመራ ሉማሜን ያገኛል። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ጤፍና ስንዴ በሚመረትበት አገር መካከል የተቆረቆረች፣ አውራ ጎዳናው የሚያቋርጣት፣ ገበሬውና ነጋዴው፣ ተማሪውና አላፊ አግዳሚው የሚገናኙባት ከተማ ናት። በዚህ ጎዳና ላይ በተዘረጉት ከተሞች አውቶቡስ ሲቆም ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት ልጆች ናቸው፤ አንዱ የሊስትሮ ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ ሌላው ቆሎና ማስቲካ በካርቶን ደርድሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃ ለመሸከም ትከሻውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደነዚህ ያሉት ልጆች በአንድ ገላጣ ቦታ ተሰብስበው፣ ሁለት ሣጥን የጎል ቋሚ አድርገው፣ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩትን ኳስ ሲያሳድዱ ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ የእንጀራ መፈለጊያ የነበረው ሣጥን ለአንድ ሰዓት ያህል ከሥራው ያርፋል።

ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንን አንድ ሰዓት ነው። እግር ኳስ የችግረኛ ልጆችን ሕይወት ለማሻሻል ይጠቅማልን? የሚጠቅምስ ከሆነ በምን ሁኔታ፣ በማን ኃላፊነት፣ ለስንቱ ልጅ? በዚህ ጉዳይ ላይ በየቀበሌውና በየሥራው ቦታ ሁለት አስተያየቶች ይደመጣሉ። አንደኛው ኳስን የሥራ ፈት መዋያ፣ ጫማ ጨራሽና ከትምህርት አዘናጊ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ ለልጁ ኳስ ከተሰጠው ድህነቱ በራሱ ጊዜ የሚለቀው ይመስል፣ ነገ በአንድ የአውሮፓ ክለብ ተቀጥሮ እናቱን ከጭስ ቤት እንደሚያወጣ ይሰብካል። ሁለቱ አስተያየቶች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ በመሠረቱ ግን አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ሁለቱም የሚያዩት ኳሱን እንጂ ልጁንና ልጁ የሚኖርበትን ተጨባጭ ሁኔታ አይደለም።

በሜዳ ላይ በቡድን ተከፍሎ መፋለም ለጎጃም ልጅ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አለመሆኑን በቅድሚያ ማስታወስ ይገባል። እግር ኳስ ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት በገና ዕለት መንደር ከመንደር ተቧድኖ፣ ሩሩን በዱላ እየመታ፣ ከቀትር እስከ ምሽት ሲፋለም ኖሯል። በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ፣ ባለርስትና እረኛ በአንድ ሜዳ ይቀላቀላሉ፤ ዱላ ቢያገኘው እንኳ ጌታው በሎሌው ላይ እንዳይቆጣ ልማዱ ያስገድደዋል። በማግሥቱ ግን እረኛው ወደ እረኝነቱ፣ ጌታው ወደ ጌትነቱ ተመልሷል። ይህ አሮጌ ልማድ ስለ ያዝነው ጉዳይ ብዙ ያስተምረናል። ጨዋታ ለአንድ ቀን ሰውን ሁሉ እኩል ለማድረግ ይችላል፤ በማግሥቱ የሚጠብቀውን ኑሮ ግን በራሱ ኃይል አይለውጥም። ስለዚህም የምርመራችን ማዕከል ከጨዋታው በኋላ ባለው ማግሥት ላይ መሆን አለበት።

የአገራችን የእግር ኳስ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። ቅኝ ገዢዎቹ በዘር ሚዛን ሰውን በሚመዝኑበት በዚያ ዘመን «ክልስ» እየተባለ፣ ከሁለቱም ወገን እየተገፋ አደገ። ዛሬ «ችግረኛ ልጅ» የምንለው እርሱን ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ልጅ ኳስ ብቻዋን አላወጣችውም። በምድር ባቡር የመካኒክነት ሙያ ቀስሞ በላቡ ያደረ ሠራተኛ ነበር፤ ኋላም የተጫወተው የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በነበረው በጥጥ ማኅበር ውስጥ ነው። በግራ እጁ ሙያ፣ በቀኝ እጁ ቡድን ነበረው ለማለት ይቻላል። በዚያ የፍጻሜ ግጥሚያ እርሱ አንድ፣ ወንድሙ ኢታሎም አንድ ጎል አግብተዋል። ያም ሆኖ ዋንጫው ዘላቂ ዋስትና አልሆነውም፤ ሉቻኖ የኋለኛውን ዘመኑን በስደት ኢጣሊያ ውስጥ አሳልፎ በ2015 ዓ.ም. ዐረፈ።

ሜዳ የሁሉ ነው ወይስ የተመረጡ ሰዎች ነው የሚለው ጥያቄ በአፍሪካ እግር ኳስ ከጥንስሱ ጀምሮ የነበረ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከኢትዮጵያ፣ ከግብፅና ከሱዳን ጋር ደቡብ አፍሪካ አራተኛ መሥራች ነበረች። ነገር ግን የዘር መድልዎው አገዛዝ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለ ካርቱም ላይ ከተደረገው የመጀመሪያ ውድድር ውጭ ሆነች። ኮንፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1987 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በፕሬዚዳንትነት የመራው ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማም ይህን አቋም አጥብቆ ይዟል። ከፊሉን አስገብቶ ከፊሉን ከደጅ የሚያስቀር ሜዳ ሜዳ አይባልም የሚለው እምነት እንግዲህ በእኛ ሰዎች እጅ የተተከለ ነው።

በዘር መድልዎ የተዘጋው ሜዳ ዛሬ ተከፍቷል። በገንዘብ ረገድ ግን ሌላ ዓይነት ምርጫ ተስፋፍቷል፤ እርሱም «ተሰጥኦ ፍለጋ» የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር ብዙ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ለጥቂት ቀናት ይፈተናሉ፣ ሁለት ሦስቱ ይመረጣሉ፣ የቀሩት ወደመጡበት ይሸኛሉ። በሙያው በኩል ሲታይ ክለብ ተጫዋች መምረጡ የሚነቀፍ አይደለም። የምንነቅፈው ይኸው ምርጫ የችግረኛ ልጆች እርዳታ ተብሎ ሲጠራ ነው። ለመሆኑ ያልተመረጠው ልጅ ምን ተረዳ? ቀድሞ ድሃ ነበር፤ አሁን ደግሞ ድሃና የወደቀ ሆነ። አንድ ቡድን ወደ ሜዳ የሚያስገባው 11 ሰው ብቻ መሆኑን እያወቅን ለአንድ ከተማ ልጆች ሁሉ የክለብ ተስፋ ማደል ሎተሪ ከመሸጥ በምን ይለያል? ሎተሪ ሻጩስ ቢያንስ ቲኬቱን በእጅህ ይሰጥሃል።

ይህ ንግድ የት ድረስ እንደሚሄድ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች ታሪክ ያሳያል። ወኪል ነኝ ባይ ሰው ከድሃ ቤተሰብ ገንዘብ ተቀብሎ፣ አንዳንዱም መሬቱንና ከብቱን አሽጦ፣ ልጁን ለሙከራ ብሎ ወደ አውሮፓ ከወሰደ በኋላ ሳይሳካለት ሲቀር በባዕድ ከተማ ጥሎት ይሰወራል። የቀድሞው የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ዣን ክሎድ ምቡሚን እንዲህ የተጣሉትን ልጆች ለመርዳት እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስ ውስጥ ፉት ሶሊዴር የተባለ ማኅበር እስከማቋቋም ደርሷል። ፊፋም እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ከልክሏል። የቀበሌ ነዋሪ የሆነ ወላጅ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት፤ የ14 ዓመት ልጅህን ለውጭ ክለብ አስፈርምልሃለሁ የሚልህ ሰው በሕግ የተከለከለ ነገር ነው የሚሸጥልህ።

ኳሷ ራሷ የምትሠራበትም ታሪክ ለሠራተኛው አንባቢያችን እንግዳ ሊሆን አይገባውም። የዓለም የእጅ ስፌት ኳስ አብዛኛው ለብዙ ዘመን የሚመረተው በፓኪስታን፣ በሲያልኮት ከተማና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ተለይተው በየቤቱ ኳስ ሲሰፉ መገኘታቸው በዓለም ፊት ተጋለጠ። በተነሣው ተቃውሞም እ.ኤ.አ. በ1997 የሲያልኮት ነጋዴዎች ምክር ቤት፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ ልጆችን ከስፌቱ ሥራ አውጥተው ወደ ትምህርት ለመመለስ በአትላንታ ስምምነት ተፈራረሙ። በአንድ አገር ያለ ልጅ በኳስ እንዲደሰት በሌላ አገር ያለ ልጅ ጣቱ በመርፌ ሲወጋ ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ ኳስ ለችግረኛ ልጆች የጠቀመበት ቦታ የለምን? አለ፤ ሩቅም አይደለም። በጎረቤት አገር በኬንያ፣ ከናይሮቢ የድሆች ሠፈሮች አንዱ በሆነው በማታሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር ተቋቋመ። ቦብ መንሮ የተባለ ካናዳዊ ልጆቹ ከቆሻሻ መካከል በፕላስቲክና በገመድ በሠሩት ኳስ ሲጫወቱ አይቶ የውድድሩን መጀመር አግዟል። በሠፈሩ የቆሻሻ ማንሻ አገልግሎት አልነበረም፤ ልጆች የሚታመሙትም በቆሻሻውና በረጋው ውሃ የተነሣ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ በሌላ አገር ውድድር የማይታይ ደንብ አወጣ፤ ቡድኖች ነጥብ የሚያገኙት በማሸነፍ ብቻ ሳይሆን ወጥተው ሠፈራቸውን በማጽዳትም ሆነ። የደረጃው ሰንጠረዥ የእግርን ብቻ ሳይሆን የእጅንም ሥራ የሚቆጥር ሆነ ማለት ነው። የሠፈር ጽዳት የወጣ ደካማ ቡድን ሜዳ ላይ ብቻ ከሚበረታ ቡድን በላይ ሊቀመጥ ቻለ። ትንንሾቹን የሚያሠለጥኑትና ግጥሚያ የሚዳኙት ትልልቆቹ ልጆች በፈቃደኝነት ላበረከቱት ሥራ ነጥብ ተቆጥሮላቸው የትምህርት ቤት ክፍያቸው በቀጥታ ለትምህርት ቤታቸው እንዲከፈል ተደረገ። ገንዘቡ ለልጁም፣ ለአባቱም፣ ለአሠልጣኙም እጅ አለመሰጠቱን ልብ ይሏል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ልጃገረዶችም ቡድን አቋቋሙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ክለቡ የመጣው። ማታሬ ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬንያ ሻምፒዮን ሆነ። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ አስቀድሞ ክለብ ይቋቋማል፣ ማልያ ይገዛል፣ ከሌላ ከተማ ተጫዋች ይመጣል፤ የከተማው ልጆች ግን አጥር ላይ ተንጠልጥለው ተመልካች ይሆናሉ። በማታሬ ክለቡ ፍሬ ነበር፤ ሥሩ በሺህ የሚቆጠሩ ስማቸው የማይታወቅ ልጆች የሳምንት ጨዋታ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ ምሳሌ ይዘን ኳስ ሁልጊዜ መድኃኒት ነው ብንል ከላይ የነቀፍነውን ስሕተት እንደግማለን። በሰሜን ዩጋንዳ፣ ረጅም ጦርነት ባደቀቃት በጉሉ ከተማ፣ ተመራማሪዎች ለ11 ሳምንታት የእግር ኳስ ውድድር የተሳተፉ ታዳጊዎችን ተራቸውን ከሚጠብቁት ጋር አነጻጽረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ውድድሩ የልጆቹን የአካል ብቃት አላሻሻለም፤ የወንዶቹ የአእምሮ ጤንነት ደግሞ ካልተሳተፉት ጋር ሲነጻጸር ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። በእኛ አስተያየት ይህ ሊያስገርም አይገባም። በጦርነት የተጎዳን ልጅ ወደ ሌላ ፍልሚያ አስገብቶ፣ አሸናፊና ተሸናፊ ብሎ ከፍሎ፣ ከጎኑ የሚያዳምጠው ታላቅ ሳያኖሩለት መተው ቁስሉን መነካካት ሊሆን ይችላል። ውድድሩ ያለ እንክብካቤ ከሆነ ባዶ ከመሆንም አልፎ ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ትምህርት ለአማራ ክልል ሩቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተካሄደው ግጭት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል፤ ምሥራቅ ጎጃምም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚያጣው ፊደል ብቻ አይደለም። ስሙ የሚጠራበትን መዝገብ፣ ቀረ ብሎ የሚጠይቀውን መምህር፣ እኩዮቹን የሚያገኝበትን ሰዓት ያጣል። የኳስ ሜዳ ትምህርት ቤትን ሊተካ አይችልም፤ ሊተካ ይችላል የሚል ቢኖር አንስማማም። ነገር ግን ሰላም በሰፈነበት ቦታ ሁሉ ሜዳው እነዚህን ሦስት ነገሮች ለጊዜው ይዞ ሊያቆይ ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን ስሙ የሚጠራ ልጅ አንድ ሳምንት ሲቀር «የት ሄደ?» የሚል ይኖራል። ወደ ከተማ ለሥራ ተልኳል፣ ታሟል፣ ወይም እረኛ ሆኖ ተቀጥሯል የሚለው ወሬ በጊዜው ይሰማል፤ ኮሚቴውም ቤቱ ድረስ ሊሄድ ይችላል። በእኛ ግምት የኳስ ትልቁ ጥቅም ልጆችን ሳይገፉ፣ ሳይለምኑ በራሳቸው ፈቃድ መሰብሰብዋ ነው። የተሰበሰበ ልጅ ይታያል፤ ያልታየን ልጅ ማንም ሊረዳው አይችልም።

ስለ ልጃገረዶቹ ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ወንዱ ልጅ ሲያመሽ ሜዳ ላይ ነው፤ እኅቱ በዚያው ሰዓት ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሊጥ ታቦካለች። እንግዲህ «ሜዳው ለሁሉም ክፍት ነው» ተብሎ ቢለጠፍ እንኳ ለእርስዋ ክፍት አይደለም፤ ጊዜዋ ተወስዷልና። ከዚህም ሌላ የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ሆኖ ሳለ ያለዕድሜ ጋብቻ በጎጃም ገጠር ሥር የሰደደ ችግር ሆኖ ቆይቷል። በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ በ1996 እና በ1998 ዓ.ም. መካከል የተካሄደው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበ፣ የትምህርት መሣሪያ እየሰጠ፣ ሳይዳሩ ለቆዩት ልጆች ቤተሰብ በግ እያበረከተ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ያለዕድሜ ጋብቻን በእጅጉ ቀንሷል። እዚያ ኳስ አልነበረም፤ የነበረው ቡድን፣ ትምህርትና ለቤተሰቡ የሚታይ ጥቅም ነው። የልጃገረዶች የኳስ ቡድን የሚያቋቁም ቀበሌ ይህን ሥራ ቢመረምር ይጠቀማል። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ የብሔራዊ ቡድናችን ግብ አግቢ ሆና ማልታ ድረስ ሄዳ መጫወትዋ ለብዙ ልጃገረዶች ተስፋ ነው፤ ሆኖም ለአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከሎዛ ዝና ይልቅ የሚጠቅማት በሣምንት ሁለት ቀን ውሃውን ወንድሟ እንዲቀዳ አባትዋ መስማማቱ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የሚቆመው መሬት ላይ ነውና። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ ስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያና በሥራ ቦታ እንዲስፋፋ፣ ሕዝቡም ባለቤት እንዲሆን ይላል። መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ከተሞች በሰፉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው ልጆች የሚጫወቱበት ገላጣ ቦታ መሆኑን ማንም የከተማ ነዋሪ በዓይኑ ያየው ነው። ቤት ለመሥራት የተዘጋጀ ባለገንዘብ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ልጅ ማመልከቻ አይጽፍም። በሌላ በኩል የአገሪቱ ዓይን ሁሉ በትላልቅ ስታዲየሞች ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ተብሎ በመታገዱ ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ብዙ ተቆጨን፤ መቆጨታችንም ተገቢ ነው። የሠፈር ሜዳ አንድ በአንድ ሲታጠር ግን የሚቆጭ ጋዜጣ እምብዛም አይታይም።

ለመሆኑ ስንት መሬት ነው የሚጠየቀው? ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። ለልጆች ግን 50 በ30 ሜትር ይበቃል፤ ይህም 1,500 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከሙሉው ሜዳ ሩቡን እንኳ አይሞላም። ድንጋዩን መልቀምና ጉድጓዱን መድፈን ደግሞ ወንፈልና ደቦ ለሚያውቅ ሕዝብ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ዕድሩ ድንኳንና ድስት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ አራት ኳስና አንድ የአየር መሙያ ሊያስቀምጥ ይችላል። የሠራተኛ ማኅበር ያለበት መሥሪያ ቤት የደብተርና የእስክሪብቶ ወጪ ቢሸፍን ቀላል ነገር አይደለም፤ ከልምምድ በኋላ የሚታደል ዳቦም እንዲሁ ነው፤ ምሳ ሳይበላ የመጣን ልጅ ማሮጥ ጭካኔ እንጂ ስፖርት አይደለምና።

አሠልጣኙን በሚመለከት ጥብቅ መሆን ያሻል። ልጆችን የሚይዝ ሰው ቀበሌው የሚያውቀው፣ በኮሚቴ የተመረጠ፣ ከልጅ ጋር ብቻውን የማይዘጋ፣ ከወላጅ ገንዘብ የማይቀበል ሊሆን ይገባል። ከሁለት ሰዎች አንዷ ሴት ብትሆን ልጃገረዶቹ ይመጣሉ። ሊስትሮው ከሥራው ሳይፈናቀል እንዲመጣ ሰዓቱ ከአውቶቡሶቹ መድረሻ ጋር እንዳይጋጭ ማድረግም የኮሚቴው ሥራ ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቢሮ ተቀምጦ በ9 ሰዓት ልምምድ ብሎ የሚለጥፍ ኮሚቴ የሚያገኘው በ9 ሰዓት ሥራ የሌላቸውን ልጆች ብቻ ነው። የጠራው ችግረኛውን፣ የመጣው ደላው ይሆናል።

በክረምት ዋልካው እግር ይይዛልና ጨዋታ የለም። በመስከረም መሬቱ ሲጠነክር ልጆቹ ሜዳ እንዲያገኙ ከተፈለገ ጉዳዩ ከወዲሁ በቀበሌው ስብሰባ አጀንዳ ላይ መግባት አለበት። ስብሰባው የከተማውን ፕላን አስመጥቶ በአደባባይ ቢዘረጋ የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ በፕላኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ተብሎ የተከለለው ቦታ የት ነው? ዛሬ በማን እጅ ይገኛል? የሚቀጥለው የቦታ ድልድል ሲደረግስ ለማን ሊሰጥ ታስቧል?